ጀርባውን የወደድኩት ሰው

ከፊቱ በፊት የወደድኩት ጀርባውን ነው። አትሳቁ! እናንተስ ፊት አይታችሁ ወዳችሁ ምን አተረፋችሁ?

ሲያኖ የፊልም ሰው ነበር፤ ግን ፊቱን የሚያውቀው የለም። ማኒላ ያለ አንድ የፊልም ኩባንያ ቀጥሮታል። ዋናው ተዋናይ ከፈረስ መውደቅ ሲኖርበት ሲያኖ ይወድቅለታል። ከድልድይ መዝለል ሲመጣ ይዘልለታል። ጎራዴ ሲመዘዝ ደግሞ ካሜራው ከኋላ ይዞርና እሱ ይፋለምለታል። ፍልሚያው ሲያልቅ ዋናው ተዋናይ ከጃንጥላው ሥር ብድግ ይላል፤ ላብ እንዲመስል ፊቱ ላይ ውሃ አርከፍክፈውለት ወደ ካሜራው ፈገግ ይላል። አገር ምድሩ ሴት በዚያ ፈገግታ ይሞታል።

እኔና ሲያኖ የተገናኘነው ወንዝ ውስጥ ነው። የሽፍታ ፊልም ሊያነሱ ወደ ከተማችን ወደ ሳን ማርሴሎ መጥተው ነበር። አንሶላ እያጠብኩ ሳለ ካባ የለበሰ ሰው ከድልድዩ ላይ ዘሎ ገባና እኔ አጠገብ ብቅ አለ። ያጠብኩት አንሶላ ሁሉ በጭቃ ተለወሰ።

«ዓይንህን ጨፍነህ ነው እንዴ የምትዘለው!» ብዬ ጮህኩበት።

«አዎ፣» አለኝ ውሃውን ከፊቱ እየጠረገ። «ዓይኑን ከፍቶማ ማን ይዘላል?»

«እንግዲያው አንሶላዬን እጠብ!»

እሺ ብሎ ቁጭ አለ። ጎራዴውን እንደታጠቀ፣ ዳይሬክተሩ ከድልድዩ ላይ እየተሳደበ፣ እሱ አንሶላዬን ያሽ ነበር። ከዚያ ተነስቶ ዳገቱን ሲወጣ ጀርባውን አየሁት። ሰፊ ነው፤ የሚፋለመው በግራ እጁ ስለሆነ የግራ ትከሻው ትንሽ ዘንበል ይላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲኒማ ቤት ገብቼ ሌላው ሰው ተዋናዩን ሲያይ እኔ ያንን ትከሻ ነው የምፈልገው። ሳገኘው ልቤ ድንግጥ ይላል።

ችግሩ አባቴ፣ በእኛ አጠራር 'ታታይ'፣ ነበሩ። ታታይ የትምህርት ቤቱ ዋና መምህር ናቸው፤ ኮሌታቸው ሳይተኮስ ከቤት አይወጡም። የሲያኖ እናት ደግሞ በሌላ ከተማ የባሕር ዳርቻ ላይ ደረቅ ዓሣ የምትሸጥ ምስኪን ባልቴት ናት። ሲያኖ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ፊታቸው ሲቆም ታታይ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«የፊልም ተዋናይ ነኝ ነው የምትለው?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«በየትኛው ፊልም ነው ያየሁህ?»

«በሁሉም አይተውኛል፣ ጌታዬ። ከኋላ ነው እንጂ።»

«እኔ ልጄን ለጀርባ አልድርም፣» አሉት። «ፊት ይዘህ ስትመጣ እንነጋገራለን።»

ወሬው ከመቅጽበት ተዛመተ። ጎረቤታችን እትዬ ሴቢያ ባየችኝ ቁጥር «ሃቲ፣ ያ ፊት የሌለው እጮኛሽ ደህና ነው? ስትስሚው የት ጋ ነው የምትስሚው?» እያለች መንገድ ላይ ታሳፍረኛለች።

ይሁን እንጂ እኛ ዘንድ ልጅ የጠየቀ ወንድ በልጅቷ ቤት ሠርቶ የመፈተን መብት አለው፤ ይህን አባትም አይከለክልም። ሲያኖ ከፊልም ሥራ ባረፈ ቁጥር በአውቶቡስ እየመጣ ሰባት ወር ሙሉ አገለገለን። ውሃ ቀዳ፣ እንጨት ፈለጠ፣ ሩዝ ወቀጠ፣ የሚያፈሰውን ጣሪያችንን ከደነ። ታታይ ጋዜጣቸውን ዘርግተው እንዳላየ ይሆናሉ። እሱን የወደዱት አያቴ፣ እኛ አገር እንደምንለው 'ሎሎ'፣ ናቸው።

ሎሎ ኢንሶ ያኔ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለዩት። ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት የሸንኮራ መጭመቂያ ወስዶባቸዋል። ከተማው ግን እንደ ታቦት ነው የሚያከብራቸው፤ ለምን ቢባል የካፒታን ላዊን የመጨረሻው ጓድ ናቸው። ላዊን ማን እንደሆነ ለእኛ አገር ልጅ አይነገርም። አሜሪካኖች ሲመጡ አልገዛም ብሎ ጫካ የገባ ሽፍታ ነው፤ አንገቱ ላይ ክታብ ስላለ ጥይት አይመታውም ይባል ነበር። በመጨረሻ የተያዘው ክታቡ ወንዝ ሲሻገር ስለወደቀበት ነው ብሎ አገሩ ያምናል። በክብረ በዓሉ ቀን ሎሎ ከከንቲባው ጎን ይቀመጣሉ። ሕፃናቱ ተሰልፈው የሎሎን እጅ እያነሱ ለበረከት ግንባራቸውን ያስነካሉ።

ሲያኖ እንጨት ሲፈልጥ ሎሎ አጠገቡ ተቀምጠው ስለ ጎራዴ ያወሩታል። «ላዊን እንዲህ አይደለም የሚይዘው፣ ስጠኝ እስቲ፣» ብለው የፍልጡን እንጨት ይቀበሉትና ያሳዩታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዶፍ ዝናብ ወረደና ሁለቱ ወደ ላይ ወጡ። ቤታችን በረጃጅም ቋሚዎች ላይ የቆመ ነው፤ ወለሉ ቀርከሃ ስለሆነ ከሥር ያለ ሰው የላዩን ወሬ ሁሉ ይሰማል። እኔ ከሥር ሆኜ ሩዝ እያበጠርኩ ነበር።

«ክታብ የሚባል ነገር አልነበረም፣» አሉ ሎሎ። «ላዊንን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ሰፌዱን ቀስ ብዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ወታደሮቹ መንደሩን ሰብስበው አጥር ውስጥ አስገቡት። ልጄን ከእናቱ እጅ ነጥቀው ሳንጃ ፊት አቆሙት። መኮንኑ 'ላዊን የት ነው ያለው?' አለኝ። 'ከወንዙ ማዶ ትልቁ ዛፍ ሥር ያለችው ጎጆ ውስጥ ነው። ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ እንቅልፉ ቀላል ነው' አልኩት። ከዚያ ትውከት ያዘኝ። ሳስመልስ ነው ያደርኩት።»

«ልጅዎ ያውቃሉ?» አለ ሲያኖ።

«ብነግረው ይሞትብኛል። አንተ ግን አማቼ ልትሆን ነው። ቤቱን ከነገመናው ተረከበኝ፤ እኔ ይዤው መሞት አልቻልኩም።»

«አብሮኝ ይቀበራል፣ ሎሎ።»

እኔ ከወለሉ ሥር አፌን በቀሚሴ ይዤ አለቀስኩ። ለሎሎ አዝኜ ነው፤ ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ በደስታም ነው። የቤታችንን ገመና አምነው የሰጡት ሰው የእኔ ነው አልኩ። ላገባው የቆረጥኩት ያን ቀን ነው። መስማቴን ለማንም ሳልናገር ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።

ከዚያ ሲያኖ ወደ ማኒላ ሄደ። በደብዳቤ ነው የምንገናኘው። «ሃቲዬ፣ ዛሬ ሦስት ጊዜ ሞትኩ፤ በአራተኛው ዳይሬክተሩ 'ደህና ሞተሃል' አለኝ» ብሎ ይጽፍልኛል። እኔም «አምስተኛውን እኔ ጋ መጥተህ ሙት» እለዋለሁ። ከዓመት በኋላ ግን እንዲህ የሚል መጣ፦

«ሃቲዬ፣ ፊት ተሰጠኝ! ዋናው ተዋናይ እኔ ነኝ። ፊልሙ የላዊን ታሪክ ነው። ለክብረ በዓላችሁ እናንተው ከተማ እናሳየዋለን። አባትሽ አሁን እምቢ የሚሉበት ምክንያት የለም፤ ከበዓሉ ቀጥሎ ባለው እሑድ እናቴን ይዤ ለሽምግልና እመጣለሁ።»

ደብዳቤውን እየሳምኩ ቤቱን ዞርኩት። 'የላዊን ታሪክ' የሚለው ጋ ስደርስ ትንሽ ቆም አልኩ። ግን የላዊንን ታሪክ ማን የማያውቅ አለ? የክታቡን ነገር ነው የሚሠሩት አልኩ። አይ ሞኝነቴ!

ፊልሙ የታየው በክብረ በዓሉ ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሲኒማ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሏል። ሎሎ ከፊት ከከንቲባው ጎን ተቀመጡ፤ እኔ በቀኛቸው፣ ታታይ ከኋላችን። እትዬ ሴቢያ እንኳ ከሩቅ ሆና «ሃቲ፣ ዛሬ ፊቱን ልናይልሽ ነው!» ብላ እጇን አወዛወዘችልኝ።

ሲያኖ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መድረኩ ላይ ወጣ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊገነጥለው ደረሰ። ወርዶ የሎሎን እጅ አንስቶ ግንባሩን አስነካ። «ይባርኩኝ፣ ሎሎ።» እኔ በጉጉት አየሁት፤ እሱ ዓይኔን ሸሸ። በሰው ፊት አፍሮ ነው ብዬ ፈገግ አልኩ!

መብራቱ ጠፋ። ሎሎ ስለማያዩ እኔ በጆሯቸው እያንሾካሾክሁ እነግራቸዋለሁ።

«አሁን ምን ሆነ?»

«ላዊን ወንዙ ዳር እየተፋለመ ነው። በግራ እጁ አሥራ ሁለቱን ጣላቸው።»

«አሥራ ሁለት!» ብለው ሳቁ። «ሦስት ነበሩ፤ እነሱም ሁለቱ ሸሽተዋል።»

ፊቱ ሸራውን ሞልቶ ሲታይ ሴቶቹ ጮኹ። ቆንጆ ነበር፣ ምን ዋጋ አለው። በዚያ አዳራሽ ከእኔ በላይ የኮራ ሰው አልነበረም፤ ታታይ እንኳ ከኋላዬ «እህ፣ መልክ አለው» ሲሉ ሰማኋቸው።

ወዲያው አንድ ሌላ ሰው ከቁጥቋጦ ውስጥ ብቅ አለ። ፊቱ በፈንጣጣ የተበላ፣ ዓይኑ ሸውራራ። አዳራሹ ሲስቅበት ጎራዴውን ወደ ግራ እጁ አዛወረ። ሁለት ጣት የለውም።

ሳቁ ቀጥ አለ። ከኋላ አንድ ሰው «እንዴ!» ሲል ሰማሁ። አንገቶች ወደ እኛ ዞሩ።

«ማን መጣ?» አሉ ሎሎ።

«የላዊን ጓደኛ።»

«እኔ ነኛ!» ክንዴን ጨበጥ አደረጉኝ። «መልከ መልካም አድርገውኛል?»

«በጣም፣ ሎሎ።»

ቀጥሎ የሆነውን ዛሬም ሳስበው አንጀቴ ቅጥል ይላል። ሸውራራው ሰው ወደ ወታደሮቹ ድንኳን ገባ። መኮንኑ ላዊን የት ነው አለው። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከወንዙ ማዶ ትልቁ ዛፍ ሥር ያለችው ጎጆ ውስጥ ነው። ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ እንቅልፉ ቀላል ነው» አለ። ቃል በቃል። ከዚያ ጥርሱን ገልጦ ሳቀ።

ክንዴን የያዘው የሎሎ እጅ በረደ።

«ሃቲ፣ ምን እያደረገ ነው?»

«እያለቀሰ ነው፣ ሎሎ።»

«ይሄ ለቅሶ አይደለም።»

«ምርር ብሎ ነው የሚያለቅሰው። በእግዜር፣ እንባው ይታያል።»

ሸራው ላይ አንድ ነጭ ፈረስ አምጥተው ልጓሙን እጁ ላይ አስቀመጡለት። ፈረሱ አናፋ።

«ፈረሱ የማን ነው?»

«የወታደሮቹ ነው።»

«ታዲያ ለምን ብሎ ነው ጓደኛውን የሰጠው? ምን ይላል ፊልሙ?»

«ለልጁ ብሎ ነው፣» አልኩ። ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ወጣ። «ልጁን ሳንጃ ፊት አቁመውበት ነው፣ ሎሎ። እንደዚያ ነው የሚለው።»

ከኋላዬ ታታይ ጎንበስ አሉ። «የምን ልጅ?» አሉኝ። «ፊልሙ ውስጥ ልጅ የለም። የማንን ልጅ ነው የምትይው?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንዱን ልሸፍን ብዬ ሌላውን ገለጥኩት። ሦስታችንም እስኪያልቅ ድረስ እንደ ድንጋይ ተቀመጥን።

ስንወጣ ፀሐይ ገና አልገባችም። ሎሎ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆመው ለሕፃናቱ እጃቸውን ዘረጉ። ሕፃናቱ ቆመው ያያሉ፤ እናቶቻቸው በትከሻቸው ይዘዋቸዋል። ከንቲባው ሰዓቱን እያየ አለፈ። የሎሎ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። እኔ ያዝኩትና ግንባሬን አስነካሁት፤ እንደዚያን ጊዜ አፍሬም ተናድጄም አላውቅም።

ታታይ ሎሎን ይዘው ወደ ቤት ሲሄዱ እኔ ወደ ሲኒማ ቤቱ ጓሮ ዞርኩ። ሲያኖ በኮረዶች ተከቦ ፎቶው ላይ ይፈርማል። ሲያየኝ ብዕሩን ጥሎ መጣ።

«ሃቲ፣ መጀመሪያ ስሚኝ። እኔ የነገርኳቸው እውነቱን ነው። የልጁንም ነገር ነግሬያቸዋለሁ። 'ልጅ ከገባበት ሕዝቡ ማንን እንደሚጠላ ግራ ይገባዋል፣ ፈረስ ይሁን' ያለው ዳይሬክተሩ ነው። የፈለግሽውን ልማልልሽ!»

«ጣቶቹንስ ዳይሬክተሩ አልሟቸው ነው?»

መሬት መሬት አየ። «ጣቶቹን እኔ ነኝ። ወሬ መሃል አመለጠኝ።»

«አብሮኝ ይቀበራል ብለህ ነበር።»

ክው አለ። «ሰምተሽ ነበር?»

«ከወለሉ ሥር ነበርኩ። ዓመት ሙሉ ሰው አገኘሁ እያልኩ አምላኬን ሳመሰግን ነው የከረምኩት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት አንተ ነህ!»

«እና ምን ላድርግ?» አለ፤ እሱም ጮኸ። «አባትሽ ፊት ይዘህ ና አሉኝ! ከየት አባቴ ላምጣው? ሰባት ዓመት በሰው ካባ ወደቅኩ፣ በሰው ስም ሞትኩ። ታሪክ ያመጣ ሰው ፊት ይሰጠዋል አሉን። እኔ ምን ታሪክ አለኝ? የደረቅ ዓሣ ታሪክ? ለአንቺ ስል ነው ያደረግኩት፣ ሃቲ!»

«አያቴን ለእኔ ስትል ሸጥካቸው?»

«እወድሻለሁ።»

«እኔም እወድሃለሁ፣» አልኩት፤ እያለቀስኩ። «ባልወድህማ ምን ያቃጥለኛል?»

እጁን ሊይዘኝ ዘረጋ። በዚህ መሃል ኮረዶቹ «ላዊን! ላዊን!» ብለው ተጣሩ። ለአንድ አፍታ ዓይኑ ወደዚያ ሄደ። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን አየኋት። ጥዬው ሄድኩ።

ቤት ስደርስ ታታይ ኮታቸውን ሳያወልቁ ሎሎ ፊት ቆመዋል።

«አባባ፣ ፊልሙ እውነት ነው?»

«ፈረሱ ውሸት ነው፣» አሉ ሎሎ። «የተቀረው እውነት ነው።»

«ሃቲ የምትለው ልጅ ማነው?»

ሎሎ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«አራት ዓመትህ ነበር፣» አሉ ሎሎ። «ቀይ ሸሚዝ ለብሰሃል። ሳንጃው መጫወቻ መስሎህ ልትነካው እጅህን ዘረጋህ። ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው።»

ታታይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቻቸውን ስለ ላዊን መዝሙር ያዘመሩ ሰው ናቸው። ፊታቸው እንደ አመድ ሆነ። ደረጃውን ወርደው መጥረቢያውን አነሱና ኮታቸውን እንደለበሱ እንጨት ይፈልጡ ጀመር። መጥረቢያ ጨብጠው የማያውቁ ሰው! መዳፋቸው ተልጦ ደም እስኪወጣው ፈለጡ። ሲመለሱ ሎሎ እግር ሥር ተቀምጠው ራሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣሉ፤ ሎሎ በሦስት ጣታቸው ፀጉራቸውን ደባበሱላቸው። ማን ማንን ይቅር እንደሚል አላወቅንም፤ ሁላችንም እናለቅስ ነበር።

«እሑድ እንዳይመጡ ልላክባቸው?» አልኳቸው ሎሎን በማግሥቱ።

«ይምጡ። ጓደኛዬን የሰጠሁ ሰው በማን ላይ በር እዘጋለሁ?»

«ይቅር ብለውታል ማለት ነው?»

«እኔ ይቅር ብየዋለሁ። ግን እኔ አይደለሁም የማገባው።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ሰው አንዴ ይሰበራል፣ ሃቲ። ዋናው ከዚያ በኋላ የሚናገረው ነው። እኔ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አልተናገርኩም፤ እሱ ነው የበላኝ» አሉኝ።

አርብም ቅዳሜም አሰብኩ። አንዴ ፎቶውን ልቀደው አነሳለሁ፤ አንዴ መልሼ ደረቴ ላይ አደርገዋለሁ። ልቤ ለሁለት ተከፈለ ማለት ይሄ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። እናትየው እማማ ቶማሳ በሕይወቷ ለብሳው የማታውቀውን የሐር ቀሚስ ለብሳለች፤ ከአክስት የተዋሰችው ነው መሰለኝ፣ ትከሻው ሰፍቷታል። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጣፋጭ ሩዝ፣ ሁለት አውራ ዶሮ፣ አንድ ቅርጫት ምርጥ ደረቅ ዓሣ ይዛለች። ሲያኖና ሽማግሌ ሆነው የመጡት አጎቱ ከኋላዋ ቆመዋል፤ የሲያኖ ዓይን ሥር ጠቁሯል። እሷ የእኛን ነገር የምታውቀው ነገር የለም፤ ሎሎ የላዊን ጓድ እንደነበሩ እንኳ ልጇ አልነገራትም።

«ልጄን አያችሁት?» አለች ገና ሳትቀመጥ። «እኔ አራቴ አየሁት! መጀመሪያ ቀን ያ ሸውራራ ከሃዲ አሳልፎ ሲሰጠው ጫማዬን ወረወርኩበት፤ አዳራሹ ሁሉ ሳቀብኝ።» ሎሎን እያየች ሳቀች። ሎሎም የግራ እጃቸውን በቀኛቸው ሸፍነው ፈገግ አሉላት። የምገባበት ጠፋኝ።

አጎትየው በወጉ ተነስተው ተናገሩ። ታታይ በጨርቅ የታሰረ መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰሙና «መልሱ የልጅቷ ነው» አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«አልችልም፣» አልኩ።

እማማ ቶማሳ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ቀረ። «ምን ማለት ነው አልችልም? ልጄ ምን አጠፋ?»

ልነግራት እችል ነበር። 'ያ ጫማ የወረወርሽበት ሰው አጠገብሽ የተቀመጡት ሽማግሌ ናቸው፤ አምነው የነገሩትን ሸጦ ነው ፊት የገዛበት' ብላት ትክክል ነኝ። ግን ያቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ ስትሸጥ ኖራ የኮራችው ያችን ሳምንት ብቻ ነው። ደግሞም የሰውን ገመና ማውጣት ምን እንደሚመስል ገና በሦስተኛ ቀኔ ነበርኩ።

«ምንም አላጠፋም፣ እማማ፣» አልኳት። «ሐሳቤን የቀየርኩት እኔ ነኝ።»

ይህን ስል ሲያኖን ነው ያየሁት። እሱም ቀና ብሎ አየኝ። የማደርገው በደንብ ገባው።

እናትየው ብድግ አለች። «ሰባት ወር ውሃ አስቀድተሽው! እንጨት አስፈልጠሽው! እጁ በእናንተ ጣሪያ ሲላጥ ወደሽው ነበር፣ ፊቱ በየግድግዳው ሲለጠፍ ጠላሽው? ሌላ ሰው ይዘሽ ነው! መምህር ያሳደጋት ናት ብዬ፣ ጨዋ ናት ብዬ! አንቺ ወላዋይ፣ አንቺ ከዳተኛ!»

ከዳተኛ አለችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ከታች ተሰብስቧል፤ የእትዬ ሴቢያን ሻሽ በመስኮት አየሁት። ዓይኔን ከሲያኖ ላይ አላነሳሁም። አፉ ተከፈተ። 'በላ፣ ተናገር፣ አንድ ቃል' አልኩ በሆዴ።

አፉን መልሶ ገጠመው። የእናቱን ክንድ ያዘና «ይበቃል፣ እማ። እንሂድ» አላት።

ደረጃውን ሲወርዱ፣ ሰው ሲገፋፋ፣ ኮረዶች ሲጠሩት ሰማሁ። እናቱ እስከ መንገዱ ድረስ እየሰደበችኝ ነበር። እሱ አንዴም ዝም በይ አላላትም። 'እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ' ቢላት ኖሮ፣ በማርያም እምላለሁ፣ ባዶ እግሬን ሮጬ እደርስበት ነበር፤ ደረቅ ዓሣ እየሸጥኩም ቢሆን አብሬው እኖር ነበር።

ሎሎ ፊታቸውን ወደ በሩ እንዳዞሩ ነበሩ።

«ሄዱ?»

«ሄዱ።»

«ተናገረ?»

«አልተናገረም፣ ሎሎ፣» አልኳቸው፤ እንዲያ ብዬ ወለሉ ላይ ተደፋሁና ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ አለቀስኩ።